ስምንት ደቂቃ ሲቀረው

«ቆጥቡ፣ ይሸለሙ!» ሲል የባንኩ ማስታወቂያ፣
መኪና ነበረ የኔ ልብ ማረፊያ፤
ቀዩን ቪትዝ ሳየው ከመስታወት ማዶ፣
ስንት ወር ቆጠብኩኝ፣ ሆዴ ምሳ ክዶ።
ዕጣው ሲወጣማ ስሜ ተጠራልኝ፤
ቪትዙ ለሌላ ሰው፣ ለኔ ካርቶን ደረሰኝ።
«ኤር ፍራየር ነው» አለችኝ ልጅቷ፣ ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣
«ያለ ዘይት ይጠብሳል፣ ነፋስ እየተፋ።»

የታክሲው ረዳት ለካርቶኑም ሂሳብ ጠየቀኝ፤
ልደታ ስደርስም ጥበቃው አስቆመኝ፦
«ምንድን ነው አባባ? የሞተር ሄልሜት ነው?»
«መጥበሻ ነው» አልኩት።
«ታዲያ እሳቱ የት ነው?»

አምስት ወር ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለበሰ፤
እኔም ታች ምግብ ቤት በየዓይነቱ እያልኩ ሁዳዴ ደረሰ።

ትናንት ከሕንጻው ሥር፣ ከወይንሸት መደብ፣
ከቲማቲሙና ከቃሪያው አጠገብ፣
አንገቱ የቅል ነው፣ ሆዱ ግን የዱባ፣
ቆዳው ሽሮ መሳይ፣ አንድ ጉድ ተጋድሞ አየሁኝ ስገባ።
«ይሄን ምን ትዪዋለሽ?»
«የፈረንጅ ዱባ።»
«ተረቱን ረሳሽው? ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል!»
«እነዚህ ግን ተጋቡ ጋሼ» ብላ ሳቀች፣ «ይኸው ኪሎ ተኩል።»

ቢላዬ ከዳቦ ሌላ ገላ አያውቅም፤
አንገቱ ላይ ገባ፣ አይወጣም፣ አይዘልቅም።
በዘነዘና ራስ ጀርባውን ጎሰምኩት፤ ጧ! አለ፤
የታች ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን እየደቃ፣ «ኧረ ሰው አለ!»
ውስጡ ግን ሲገለጥ፣ ያ ሽሮ መልክ የለም፤
እንደ ታክሲ ፍሬቻ የነደደ ቀለም።
ፍሬውን በማንኪያ ፍቄ ጋዜጣ ላይ አስጥቼ፣
ሥጋውን በበርበሬ፣ በጨው፣ በጠብታ ኑግ ዘይት አሽቼ፣
መሳቢያውን ዘጋሁ፣ ሃያ ደቂቃ ሞልቼ።

ያጓራ ጀመረ። መስኮት የለው፣ ክዳን የለው፣
ጭልፋ አይገባበት፤ ጨው በቃው አልበቃው፣ ማን ይቅመሰው?
«ወጥ ይናገራል» ትል ነበር ጥሩወርቅ፣ «ውኃ ሲያንሰው ይጠራኛል»፤
ይሄኛው እም... ብቻ ያውቃል።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣
ቤቱን ሽታው ገና ሲሞካክረው፣
ድርግም።
ልደታ በሙሉ፣ እስከ ሜክሲኮ።
ስምንት ደቂቃ ሲቀረው።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤
በጨለማ ዳብሼ፣ እጄን ጎኑ ላይ አኖርኩ።
ይሞቃል ገና።
ጥቁር አንበሳም እንዲህ አልጋ ሥር ተቀምጬ አውቃለሁ፤
ሐኪሙ ይመጣል ሲሉኝ፣ እሺ፣ እጠብቃለሁ።

ተንኳኳ። የታቹ ጎረቤቴ፣ ሞባይሉን አብርቶ፣
ሊጣላ የመጣ ፊት፣ አፍንጫው ቀድሞት ገብቶ፦
«ምንድን ነው የሚሸተው?»
«ያልበሰለ ዱባ።»
«ያልበሰለማ እንዲህ አይሸትም። ልግባ?»
ስሙ አቤኔዘር ኖሯል። ስድስት ዓመት በላዩ ስመላለስ፣
ዛሬ ገና ሰማሁት፣ ጨለማ ውስጥ፣ እግሩን ለማሳረፍ ሲዳብስ።

መብራቱ ሲመጣ ሁለት ተኩል ግድም፣
ሕንጻው እልል አለ፤ ማሽኑ ግን የነበረበትን አያስታውስም፤
ዜሮ ዜሮ ይላል፣ ዓይኑን እያርገበገበ፣
ማንም እንዳልጠበቀ፣ ማንም እንዳልተራበ።
እኔ ግን ይዤዋለሁ ቁጥሩን።
ስምንት ብዬ ነካሁት።

ጢን!
ጠርዙ ትንሽ አሯል፤ መሐሉ ማር ሆኗል።
አቤኔዘር አምስተኛውን እያነሳ፣ «ጋሼ፣ ጨው በዝቷል።»
እውነቱን ነው፣ በዝቷል።
እኔ እኮ ብቻዬን ስበላ አይታወቀኝም።
ፍሬው ጋዜጣው ላይ ነው፤
እስኪደርቅ አልነካውም።